ቪላው ሰም ነው፤ ወርቁስ?

የአማርኛ ፊልም የሚያዘወትር ሰው ሲኤምሲን እግሩ ባይረግጠውም ያውቀዋል። የብረቱ በር ይከፈታል፤ ዘበኛው ፈቀቅ ይላል፤ መኪናው ይገባል። ቀጥሎ ሳሎን ነው፦ ሰፊ ሶፋ፣ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን፣ ወደ ፎቅ የሚወጣ ደረጃ። ልጅቷ በደረጃው ትወርዳለች። አባት ስልክ ያነሳል። ፍቅሩም፣ ጠቡም፣ እርቁም እዚያው ሳሎን ውስጥ ይጀመርና እዚያው ያልቃል። ቦሌ ይሁን ሲኤምሲ፣ ሰሚት ይሁን አያት፣ ቤቱ አንድ ነው።

በእነዚህ ፊልሞች ላይ የሚሰነዘረው ትችት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው «ታሪኩ የተኮረጀ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ምስልና ድምፁ ጥራት ይጎድለዋል» ይላል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሁለቱም ግን ዋናውን ጥያቄ አይነኩትም። ያ ቪላ እዚያ ምን ይሠራል? ማን ሠራው? ካሜራውስ ለምንድን ነው ከበሩ ውጭ አንድ ደቂቃ እንኳ መቆም የሚከብደው?

ፊልምን በዚህ ዓይነት ጥያቄ መመርመርን ለዓለም ያስተማሩ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ፊልም ሠሪዎቻችን ሽልማት ሲያገኙ ስማቸው በየቤቱ ይነሳል። ፊልሞቹ የሚታዩበትን መነጽር የሠሩት ሰው ግን ከዩኒቨርሲቲ ክፍል ውጭ ብዙም አይታወቁም።

ፕሮፌሰር ተሾመ ሀብተ ገብርኤል በ1939 አርሲ፣ ጢቾ ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1962 ወደ አሜሪካ ሄዱ። መጀመሪያ ያጠኑት ፊልም አልነበረም፤ በዩታ ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስ፣ ቀጥሎም ትምህርትን በመገናኛ ዘዴ የማስተላለፍ ሙያ ነበር። ከዚያ ሎስ አንጀለስ ገቡ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ፣ በአጭሩ ዩሲኤልኤ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ ማስተማር ጀመሩ። ዶክትሬታቸውን በ1979 እዚያው ያዙ፤ በጁን 2010 በሰባ ዓመታቸው በድንገት እስካረፉ ድረስም እዚያው አስተማሩ። ከሆሊውድ አፍንጫ ሥር ተቀምጠው ስለ ሌላው ዓለም ፊልም ማስተማር ማለት ነው።

ስማቸው ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። እዚያ አገር ሰው የሚጠራው በመጨረሻ ስሙ ስለሆነ በመጽሐፍት ዝርዝር ላይ የሚገኙት «ገብርኤል» ተብለው ነው። «ተሾመ» ብሎ የሚፈልግ ያገሩ ልጅ አልፏቸው ሊሄድ ይችላል።

ያ ዘመን በዩሲኤልኤ የተለየ ነበር። ጥቁር፣ የላቲን፣ የእስያና የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ተወላጅ የሆኑ ወጣቶች ወደ ፊልም ትምህርት ክፍሉ የገቡበት፣ ካሜራውን ይዘው ወደየሰፈራቸው የተመለሱበት ጊዜ ነበር። ከጎንደር የሄዱት ኃይሌ ገሪማ እዚያ ነበሩ። ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽ፣ ላሪ ክላርክ፣ ቤን ኮልድዌል እዚያ ነበሩ። ኋላ ክላይድ ቴይለር የተባለው ሐያሲ «የኤልኤ አመፅ» ብሎ የሰየመው ትውልድ ይህ ነው። ተሾመ በዚህ ትውልድ መካከል መምህርም ጓደኛም ሆነው የአፍሪካን፣ የእስያንና የላቲን አሜሪካን ፊልም ያሳዩ፣ ያከራክሩ ነበር። የአንድ መምህር ሥራ በስንት ፊልም ውስጥ እንዳለ ቆጥሮ መናገር አይቻልም። ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ተማሪዎች የወጣውን ማየት ግን ይቻላል።

በ1982 የታተመው መጽሐፋቸው «ሦስተኛው ሲኒማ በሦስተኛው ዓለም» በሚል ርእስ ይታወቃል። «ሦስተኛ ሲኒማ» የሚለው ቃል የእሳቸው አይደለም። ፈርናንዶ ሶላናስና ኦክታቪዮ ሄቲኖ የተባሉ የአርጀንቲና ፊልም ሠሪዎች በ1969 ያወጡት ነው። አንደኛው ሲኒማ ሆሊውድ፣ ሁለተኛው የአውሮፓ የደራሲ-ዳይሬክተር ፊልም፣ ሦስተኛው ደግሞ ሕዝብ ራሱን ነፃ ለማውጣት የሚጠቀምበት ፊልም መሆኑ ነው። ቃሉ መፈክር ነበር። ተሾመ ከመፈክርነት አውጥተው የጥናት መሣሪያ አደረጉት። የፍራንዝ ፋኖንን ሐሳብ ተከትለው የሦስተኛውን ዓለም ፊልም በሦስት እርከን አዩት፦ መጀመሪያ ሆሊውድን መምሰል፣ ቀጥሎ ወደ ራስ ትዝታና ባህል መመለስ፣ በመጨረሻ ፊልምን የሕዝብ የትግል ቋንቋ ማድረግ። እርከኖቹ እንደ ደረጃ አንዱ አልቆ ሌላው የሚጀመርባቸው አይደሉም፤ አንድ ፊልም ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊረግጥ ይችላል።

ለእኛ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው አንድ አጭር ጽሑፍ ነው። በ1980 ገደማ ተሾመ ስለ ሴኔጋላዊው ኡስማን ሰምቤን ፊልም፣ ስለ «ኻላ»፣ ጻፉ። ለጽሑፉ የሰጡት ርእስ «የሰምና ወርቅ ሲኒማ» የሚል ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ስለ ዳካር የተሠራ፣ ፈረንሳይኛና ወሎፍ የሚናገር ፊልም ነው። ጸሐፊው ያሉት አሜሪካ ነው። በዙሪያቸው የፓሪስ ንድፈ ሐሳብ ሞልቶ ፈሷል፤ የዘመኑ የፊልም ምሁር ሁሉ የሚጠቅሰው እሱን ነው። እሳቸው ግን ቁልፉን ያወጡት ከቅኔ ቤት ነው። አንጥረኛው በሰም ቅርጽ ያወጣል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይገባል። ባለቅኔውም ላይ ላዩን አንድ ነገር ይናገራል፤ የሚሰማ ግን ሌላ ይሰማል። ዶናልድ ሌቪን በ1965 «ሰምና ወርቅ» ብሎ መጽሐፍ ሲያወጣ ይህ የአነጋገር ድርብነት ለዘመናዊነት የማይመች ጠባይ ሆኖ ሊታይ እንደሚችል ጠቁሞ ነበር። ተሾመ ደግሞ ያንኑ ወስደው ዘመናዊ ከሚባለው ጥበብ ሁሉ ዘመናዊ የሆነውን ፊልም ማንበቢያ አደረጉት።

የ«ኻላ» ሰም የሚያስቅ ነው። ኤል ሐጂ የተባለ ነጋዴ ሦስተኛ ሚስት ያገባል። በሠርጉ ሌሊት ወንድነቱ ይከዳዋል። «ኻላ» ማለት ይኸው ነው፤ በመተት የመጣ ስንፈተ ወሲብ። ሰውየው መድኃኒት ፍለጋ ከአዋቂ ወደ አዋቂ ይዞራል፤ ገንዘቡም ክብሩም ያልቃል። በፊልሙ መጀመሪያ ግን ሌላ ነገር አለ። አፍሪካውያኑ ፈረንሳዮቹን ከንግድ ምክር ቤቱ ያስወጧቸዋል። ወዲያው ፈረንሳዮቹ ቦርሳ ይዘው ይመለሳሉ። ቦርሳዎቹ ሲከፈቱ ገንዘብ ሞልቶባቸዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ነፃነት ማንም አያወራም። እንግዲህ ወርቁ ይህ ነው፦ የከሸፈው የአንድ ባል ጉልበት ሳይሆን ነፃነቱን ተረክቦ ምንም መውለድ ያቃተው ባለሥልጣንና ባለሀብት ነው።

ሰምቤን ይህን በንግግር አያስረዳም፤ በዕቃ ያሳያል። የኤል ሐጂ መርሰዲስ በታሸገ የፈረንሳይ ውሃ ይስተናገዳል። ራማ የምትባል ሴት ልጁ ያንን ውሃ አልጠጣም ትላለች፤ እሱ በፈረንሳይኛ ሲያናግራት በወሎፍ ትመልሳለች። ከሱቁ ደጃፍ የሚቀመጡ ለማኞች አሉ። ፖሊስ ይጭናቸውና ከከተማ ውጭ ይጥላቸዋል፤ በእግራቸው ይመለሳሉ። በመጨረሻ ወደ ቪላው የሚገቡት እነሱ ናቸው። ፊልሙ ውስጥ የሚዘፈነው የወሎፍ ዘፈን ደግሞ አልተተረጎመም፤ ፈረንጁ ተመልካች ዜማውን ይሰማል፣ ወርቁ ያመልጠዋል።

ቪላ፣ መኪና፣ ሠርግ፣ ዘበኛ፣ ለማኝ። ዕቃዎቹ የሲኤምሲ ፊልም ዕቃዎች ናቸው። ልዩነቱ ሰምቤን ቪላውን እንደ ማስረጃ ሲያቀርበው የእኛ ፊልም እንደ ሥጦታ ማቅረቡ ነው። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ተመልካች ለሁለት ሰዓት ያህል በማያገኘው ሳሎን ውስጥ ይጋበዛል፤ ከዚያ ወጥቶ ለታክሲ ይሰለፋል።

እውነት ለመናገር ሲኤምሲ ከዚህ የበለጠ ታሪክ ያለው ሰፈር ነው። ስሙ ራሱ የጣሊያን የግንባታ ኩባንያ ምህጻረ ቃል ነው፤ ግንበኞቹ ቤት ሠርተው ሄዱ፣ ሦስት ፊደል ትተው። በአስፋልቱ መሐል ባቡሩ ከመገናኛ ወደ አያት ያልፋል። ከቪላው ጀርባ ኮንዶሚኒየም አለ፤ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ጀበና ያስቀመጠች ሴት አለች። መሬቱ ቤት ሳይሠራበት በፊት ገበሬ ያርሰው ነበር። ይህ ሁሉ ከበሩ ውጭ ነው። ካሜራው ወደ ውስጥ ዞሯል።

ዘበኛውን እንውሰድ። በአማርኛ ኮሜዲ ውስጥ ዘበኛ የሌለበት ቪላ ማግኘት ይከብዳል። አነጋገሩ የገጠር ነው፤ ይሳሳታል፣ ይደነግጣል፣ ያስቃል፣ በር ይከፍታል፣ ይሄዳል። ከየት እንደመጣ፣ ማታ የት እንደሚተኛ፣ ለማን ገንዘብ እንደሚልክ አናውቅም። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የዚህ ሰው አባት ፊልም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፊልሙ በ1974፣ ሥርዓቱ እየተናጋ ሳለ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ባለ ርስቱ ከቤቱ ደጃፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሳደባል፣ ያዛል። ጭሰኛው ያርሳል። ከብት ጠባቂዋ ልጅ በጎርፍ ትወሰዳለች። ካሜራው አይቸኩልም፤ ሰው ከዳገቱ እስኪወርድ ድረስ ይጠብቃል።

ብዙ ሰው ይህን ፊልም «ይዘገያል» ብሎ ይተወዋል። ተሾመ የጻፉት አንድ ትልቅ ነገር ስለዚህ መዘግየት ነው። ሆሊውድ ፊት ላይ ተጠግቶ ያነሳል፣ ቶሎ ቶሎ ይቆርጣል፤ ምክንያቱም የሚተርከው ስለ አንድ ግለሰብ ነው፣ ጊዜም ለእሱ ገንዘብ ነው። ተረት እየሰማ ያደገ፣ በደቦ የሚያርስ፣ ለቅሶ በጋራ የሚቀመጥ ሕዝብ ግን ሰውን ከመሬቱና ከጎረቤቱ ነጥሎ አያየውም። ስለዚህ ካሜራው ራቅ ብሎ ቢቆምና ረጅም ጊዜ ቢያይ ስህተት አይደለም፤ የሌላ ባህል ዓይን ነው። ይህን ካነበቡ በኋላ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እንደገና ማየት ሌላ ፊልም እንደማየት ነው።

የቻርልስ በርኔትም ነገር እንዲሁ ነው። «የበግ አራጁ» የሚባለው ፊልሙ ዋትስ በተባለ የሎስ አንጀለስ የጥቁሮች ሰፈር የተቀረጸ ነው። አንድ የቄራ ሠራተኛ፣ ሚስቱ፣ በጣራ ላይ የሚዘሉ ልጆች። የሚያስደንቅ ድርጊት የለበትም። ዛሬ ግን በአሜሪካ ፊልም ታሪክ ውስጥ ከትላልቆቹ ይቆጠራል። በርኔት ሳሎን አልተከራየም፤ የሚያውቀውን ሰፈር አነሳ።

በተሾመ ላይ የሚነሳ ክርክር የለም ማለት አይደለም። ሦስት አህጉርን በአንድ ከረጢት ከተዋል የሚል ትችት ከጥንት ጀምሮ ይነሳባቸዋል፤ ትችቱ ውስጥ እውነት አለ። የህንድ የንግድ ፊልምና የኩባ አብዮታዊ ፊልም በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። «የአፍ ባህል ያለው ሕዝብ ረጅም ትዕይንት ይወዳል» የሚለውንም እንደ ሕግ ከወሰዱት ያስቸግራል፤ የአዲስ አበባ ወጣት ዓይን ዛሬ በስልክ ቪዲዮ የሠለጠነ ነው። ትልቁ ክፍተት ግን ሌላ ነው። የእሳቸው ንድፈ ሐሳብ ስለ ነፃ አውጪ ፊልም ሲሆን፣ በእኛ አገር ብዙኃኑ የወደደው ግን የገበያ ፊልም ነው። የመንግሥት ፊልም ኮርፖሬሽን ከስሞ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንደ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉ ሥራዎች በቪዲዮ ተሠርተው አዳራሽ ሲሞሉ፣ ያንን ኢንዱስትሪ ያቆመው የፕሮዲዩሰሮች የግል ገንዘብና የተመልካች ትኬት ነው። ማንም ድጎማ አልሰጣቸውም። ቪላውን የመረጡት ተመልካቹ ሊያየው ስለፈለገ ነው፤ ተመልካቹን መስደብ አይቻልም።

አይቻልም፤ ግን ተመልካቹን ከፊልሙ ያነሰ አድርጎ መገመትም አይቻልም። ይህ ሕዝብ ዘፈን ውስጥ ወርቅ ሲፈልግ የኖረ ነው። በደርግ ጊዜ አንድ የፍቅር ዘፈን ሲወጣ «ለማን ነው የዘፈነው?» እያለ ሲፈታ ያደገ ነው። እንዲህ ያለ ተመልካች እያለ ሰም ብቻ ማቅረብ ለገበያም ቢሆን ኪሳራ ነው። «ኻላ» የሚያስቅ ፊልም ነው እንጂ ስብከት አይደለም። ኮሜዲ ሆኖ ወርቅ መያዝ ይችላል፤ ተሾመ ያሳዩትም ይህንኑ ነው።

ታዲያ ይህ ትምህርት ለምን አልደረሰንም? አንዱ ምክንያት ቋንቋ ነው። የፊልም ታሪካችን የተጻፈው በአብዛኛው እኛ በማናነበው ቋንቋ ነው። የታሪክ ምሁሩ ብርሃኑ አበበ ስለ ኢትዮጵያ ሲኒማ አጀማመር የጻፉት በፈረንሳይኛ ነው። በ2018 የወጣው፣ አቦነህ አሻግሬ ከሁለት የውጭ ምሁራን ጋር ያዘጋጁት ስለ ኢትዮጵያ ፊልም ታሪክና ፖለቲካ የሚያወሳው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ነው። የተሾመም ዋና ዋና ሥራዎች በእንግሊዝኛ ናቸው። የፊልሞቹ ዕጣም ተመሳሳይ ነው፤ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ2006 ታድሶ የዳነው ጣሊያን፣ ቦሎኛ ውስጥ በማርቲን ስኮርሲዚ ፋውንዴሽን ድጋፍ ነው። ውለታው አይካድም። ግን የአርሶ አደር ፊልም ለመታከም ቦሎኛ ድረስ መሄዱ ያሳስባል።

ተሾመ የቋንቋውን ነገር የረሱ ሰው አልነበሩም። በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ እዚያው ስደት ላይ ሆነው፣ «ጧፍ» የተባለ የሥነ ጥበብ መጽሔት በአማርኛ እንዲወጣ ከመሠረቱት አንዱ ነበሩ። እስከ 1991 ቆየ። ስሙን ልብ ይሏል። የኤሌክትሪክ መብራት በማያልቅበት ከተማ ተቀምጠው መጽሔታቸውን ጧፍ አሉት። በዩኒቨርሲቲ የደረጃ ዕድገት ላይ አንድ የአማርኛ መጽሔት ምንም አይጨምርም፤ የሚጻፈው ለሚያነበው ሰው ሲባል ብቻ ነው።

በኋለኞቹ ዓመታት ከጻፏቸው አንዱ ደግሞ ሦስተኛውን ሲኒማ «የሕዝብ ትዝታ ጠባቂ» ይለዋል። መንግሥታት የሚጽፉት ታሪክ አለ፤ ሕዝብ የሚያስታውሰው ሌላ ነው፤ ሁለቱ ሲጣሉ ፊልም ከማን ጋር እንደሚቆም መወሰን አለበት። በ2024 ፒያሳ ሲፈርስ ይህ ጥያቄ ከመጽሐፍ ወጥቶ መንገድ ላይ ቆመ። የሠፈሩ ሰው ዕቃውን ጭኖ ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። ሲኒማ በዚህች ከተማ የተጀመረው፣ ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመው የመጀመሪያው ማሳያ ቤት የነበረው፣ በዚያው አካባቢ ነው። ያ ሰው ዛሬ በአዲሱ ሰፈሩ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ እድሩ፣ ስለ ቀረው ሱቅ ሲያወራ የሚውለው ወሬ ስንት ፊልም ይወጣዋል? ይህን የሚያነሳ ካሜራ ቪላ መከራየት አያስፈልገውም።

የሚሠራው ነገር ትልቅ በጀት አይጠይቅም። የ«ኻላ»ው ጽሑፍ ጥቂት ገጽ ነው፤ አንድ ጥሩ ተርጓሚ በጥቂት ሳምንት አማርኛ ሊያደርገው ይችላል። ፊልም የሚያስተምሩ ኮሌጆች ከሆሊውድ የስክሪፕት መመሪያ ጎን ቢያስቀምጡት ተማሪው ከቅኔ ቤት የወጣ ንድፈ ሐሳብ እንዳለው ያውቃል። የ«ጧፍ» ቅጂ ያለው ሰው፣ በተለይ ውጭ አገር ያለ፣ ፎቶ አንስቶ ቢያካፍል በነጋታው ሺህ ሰው ዘንድ ይደርሳል። ከመገናኛ እስከ አያት ባለው መንገድ ደግሞ ሲኒማ ያላቸው የገበያ ማዕከላት አሉ። ማክሰኞ ማታ ወንበሩ ባዶ ነው። አንዱ አዳራሽ አንድ ማክሰኞ «ኻላ»ን በአማርኛ ጽሑፍ ያሳይ፤ በሚቀጥለው ማክሰኞ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን፣ በሦስተኛው የሰፈሩን የቪላ ፊልም። ትኬት ቤቱም ለአካባቢው ዘበኞች ሁለት ረድፍ በነፃ ይያዝላቸው።